አዲስ ፋይበር አስገባን፣ የእናቴ የቤት ስልክ ግን ዝም አለ

የእሙዬ ልጅ – ደቡብ ለንደን – ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ትናንት ቤታችን ፋይበር የሚሉት ፈጣን ኢንተርኔት ገባ። ቴክኒሻኑ በጠዋት መጣ። ግድግዳውን ከውጭ በሳ፣ ቀጭን ጥቁር ገመድ አስገባ፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሳጥን አስቀምጦ ሄደ። አንዱ ግድግዳ ላይ የተመታ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነው። ሌላው ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ነው። ፍጥነቱን ላፕቶፔ ላይ ለክቶ አሳየኝ። ድሮ 30 ሜጋቢት የነበረው 480 ሆኗል። ደስ ብሎኝ ፈርሜ ሸኘሁት።

ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ደሴ ላለችው እህቷ ልትደውል ተነሳች። ስልኩ ኮሪደር ላይ፣ ዳንቴል የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ የቁጥር ደብተሯ አለ። ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችልኝና "እስቲ ስሚው፣ ምንም አይልም" አለችኝ። ሰማሁት። ያ የለመድነው ድምፅ የለም። ጭጭ ብሏል።

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ይህ ቁጥር ከ23 ዓመት በላይ ኖሯል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ጅዳም፣ ቶሮንቶም ያለ ዘመድ በቃሉ ያውቀዋል። ለቅሶም ሠርግም የሚሰማው በሱ ነው። ሞባይል ገዝቼላታለሁ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አልቆ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ አላት። ብትወድቅ ትጫነዋለች፤ ከዚያ ስልኩ አጠገብ ያለው ሳጥን ራሱ ይደውላል። የሚደውለው በዚያው መስመር ነው።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። 40 ደቂቃ አስጠበቁኝ፤ "መስመርዎ ይሠራል" ብለው ዘጉ። ስፈርም ስለ ስልኩ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እባካችሁ፣ ይህን ነገር የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ። ስልኩ የት ሄደ? ቁጥሩስ ጠፋ ማለት ነው? መብራት ቢጠፋስ ምን ይሆናል?

---

ፋይበር ዘርጊው – ሉተን – ሐሙስ ማታ

እህቴ አይዞሽ። ስልኩ የጠፋ አይመስለኝም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ሥራዬ ይሄው ነው። ያንቺን ጥያቄ ሳልጠየቅ የምውልበት ሳምንት የለም።

የኮሪደሩ ሶኬት የተያያዘው ከድሮው የመዳብ ገመድ ጋር ነው። ፋይበር ሲገባ የመዳቡ መስመር ይዘጋል። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስልኩ ከአሁን በኋላ የሚሰካው ራውተሩ ላይ ነው።

አሁኑኑ ሂጂና ራውተሩን አዙሪው። የኮምፒውተር ገመድ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረው ታያለሽ። ከነሱ ለየት ብሎ የስልክ ምልክት ያለበት አንድ ቀዳዳ አለ። አንዳንዱ ራውተር ላይ አረንጓዴ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በተለጣፊ ወይም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚቀረው ለዚህ ነው። የስልኩን ገመድ እዚያ ሰክተሽ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ድምፅ ካልሰጠ ድርጅቱ የኢንተርኔት ስልኩን ገና አልከፈተልሽም ማለት ነው። ያኔ ደውለሽ "መስመሬ ይሠራል ወይ?" አትበያቸው። "ዲጂታል ስልኩ በዚህ ቁጥር ተከፍቷል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ።

ሳጥኖቹንም ላስተዋውቅሽ። ግድግዳው ላይ ያለው ትንሹ ኦኤንቲ ይባላል። በገመዱ የመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው እሱ ነው። ገመዱ ውስጥ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። በአንዱ ክር ላይ የሚመጣውም የሚሄደውም አብረው ይጓዛሉ፤ የሚለያዩት በብርሃኑ ዓይነት ነው። የሚመጣው 1490 ናኖሜትር፣ የሚሄደው 1310 ነው። ሁለቱም ለዓይን አይታዩም። ስለዚህ ገመዱን ነቅላችሁ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አታስጠጉ። ልጆች ያሏችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

ኦኤንቲው ላይ "ፖን" የሚለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከበራ የውጭው መስመር ደህና ነው። "ሎስ" የሚለው ቀይ ከበራ ግን ብርሃኑ ቤትሽ አልደረሰም። ያኔ ራውተሩን መቶ ጊዜ ብታጠፊው ብታበሪው ለውጥ የለውም። ገመዱ የሆነ ቦታ ታጥፏል ወይም ተቆርጧል። የመስታወት ክር መታጠፍ አይወድም። ሶፋ ሲገፋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተቀጨ ገመድ ስንት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

---

የእሙዬ ልጅ – ሐሙስ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል

እግዚአብሔር ይስጥህ! ከራውተሩ ጀርባ አንድ ነጭ ተለጣፊ ነበር። ስልጠው ቀዳዳው ብቅ አለ። ስልኩን ሰካሁ። ድምፁ መጣ! ከሞባይሌ በድሮው ቁጥር ደወልኩ፤ ጮኸ። እናቴ ተኝታ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምታ ከክፍሏ ወጥታ "ተገኘ?" አለችኝ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ደሴ ስትደውል ይሠራል። እዚሁ ለንደን ላለች ጓደኛዋ ስትደውል ግን "ቁጥሩ የተሳሳተ ነው" ይላል። ሦስቴ ሞከረች። ደግሞ ስልኩ አሁን ሳሎን ራውተሩ አጠገብ ነው፤ እሷ የለመደችው ኮሪደር ላይ ወንበሯን ስባ ማውራት ነው።

---

ፋይበር ዘርጊው – ዓርብ ጠዋት

ስምንት አኃዝ ብቻ ነው የደወለችው አይደል? በድሮው መስመር ለንደን ውስጥ ሆነሽ ለንደን ስትደውዪ 020 አያስፈልግም ነበር። በኢንተርኔት ስልክ ግን በብዙ ድርጅቶች ዘንድ የአካባቢው መለያ የግድ ነው፤ ለጎረቤትም ቢሆን ከ020 ጀምራ ትደውል። ደሴ የሠራው እሷ ድሮም 00251 33 ብላ ሙሉውን ስለምትደውል ነው። ደብተሯ ላይ የለንደኖቹ ቁጥሮች ፊት 020 ጻፊላት። ስልኩ ራሱ ውስጥ የተመዘገቡ ቁጥሮች ካሉ እነሱንም አስተካክይ።

ስለ ቦታው፣ ቀላሉ መንገድ ሁለት መነጋገሪያ ያለው ገመድ አልባ ስልክ መግዛት ነው። ዋናው ማስቀመጫው ራውተሩ ጋ ይሰካል። ሁለተኛው ከስልክ መስመር ጋር አይገናኝም፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱን ዳንቴሉ ላይ አድርጊላት። የድሮውን የቤት ውስጥ ሽቦ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ የኮሪደሩን ሶኬት እንደገና ማስነሳት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ከውጭ የሚገባው መዳብ መነቀል አለበት። ይህን በራስሽ አትሞክሪ፤ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ቁጥር በጣት እያዞሩ የሚደወልበት የጥንት ስልክ ያላችሁ ደግሞ፣ አብዛኛው ራውተር ላይ ይጮኻል፣ ያናግራል፤ መደወል ግን አይችልም።

---

ወሎዬው – ማንቸስተር – ዓርብ ቀን

ቅር እንዳትሰኙ እንጂ ለምን ይሄ ሁሉ ድካም? በዚህ ዘመን የቤት ስልክ ምን ያደርጋል? ለእማማ ጥሩ ሞባይል፣ ቁጥሩ ተለቅ ተለቅ ያለ፣ ግዢላቸው። በዋትስአፕና በቴሌግራም ደሴ በነፃ ያወራሉ። እየተያዩ ጭምር።

---

ሌሊት ፈረቃ – በርሚንግሃም – ዓርብ ማታ

ወሎዬው ወንድሜ፣ ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን ልከራከርህ። አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ሥራዬ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው ወደለመደው ነገር ነው። ወለል ላይ የወደቁ እናት በመነጽር አይተው፣ ስክሪን ከፍተው፣ አፕ ፈልገው አይደውሉም።

የእሙዬ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስልኩ ሠራ ማለት ቁልፉ ሠራ ማለት አይደለም። አደራሽን። የድሮዎቹ የጥሪ ሳጥኖች ጥሪውን ለሚቀበለው ማዕከል የሚናገሩት በድምፅ ምልክት ነው፤ ቲት ቲት የሚል ድምፅ እየላኩ። መዳቡ ያንን ድምፅ እንዳለ ያደርሰው ነበር። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፁ ተቆራርጦ፣ በትንንሽ እሽግ ተጠቅልሎ፣ ዘግየት ብሎ ነው የሚደርሰው። ለሰው ጆሮ ምንም ለውጥ የለውም። ማሽኑ ግን አንዳንዴ አንድ ምልክት ያመልጠውና ጥሪው ሳይደርስ ይቀራል።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ እንዲህ ባለ የጥሪ ቁልፍ የሚጠቀመው ሰው 1.8 ሚሊዮን ያህል ነው ይባላል። ሰዎች ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ ቁልፋቸው ሳይሠራ የቀረበት ከባድ አጋጣሚ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ትልልቆቹ የስልክ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ቃል ኪዳን ፈርመዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለውን ሰው፣ መሣሪያው እንደሚሠራ ሳይረጋገጥ በግድ ላለማዛወር ነው ቃል የገቡት። የመዳቡ ስልክ መዘጊያም ከዲሴምበር 2025 ወደ ጃንዋሪ 31፣ 2027 ተገፍቷል። ስለዚህ እናቶቻችሁ ገና በመዳቡ ላይ ያሉ ጊዜ አላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ያንቺ ግን አንዴ ሆኗል። እንዲህ አድርጊ። የጥሪ ማዕከሉን ደውለሽ "ወደ ዲጂታል ተዛውረናል" በያቸው። ከዚያ እማማ ራሳቸው ቁልፉን ይጫኑት። ማዕከሉ ይመልስላቸዋል፤ "ሙከራ ነው" ይበሉ። ከመታጠቢያ ቤትም፣ ከመኝታ ቤትም ይሞክሩት። ካልሠራ ሲም ካርድ ያለው አዲሱን ሳጥን ጠይቂ። እሱ በሞባይል ኔትወርክ ስለሚደውል ራውተሩን አይጠብቅም። ለስልክ ድርጅቱም ቤት ውስጥ ቁልፍ የሚጠቀም ሰው እንዳለ ንገሪና በመዝገባቸው ይያዝ።

---

የእሙዬ ልጅ – ዓርብ ማታ

አሁን ከእናቴ ጋር ሞከርነው። አንዴ መለሱ፤ ሁለተኛው ላይ ሳጥኑ ብቻውን ሲጮህ ቆየና ተቋረጠ። ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ባለ ሲሙን ሳጥን አዝዣለሁ፤ ሰኞ ያመጡታል። እስከዚያ እሷ ክፍል ነው የማድረው። ሌሊት ፈረቃ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

---

የድሮ ቴሌ – አዲስ አበባ – ቅዳሜ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የስልክ ሠራተኛ ነኝ። ስለ መብራት የተነሳውን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰ ልመልስ ብዬ ነው።

ለምንድን ነው ድሮ መብራት ጠፍቶ ስልክ የሚሠራው? ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስልኩ የሚበላውን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቤታችሁ አልነበረም፤ ከእኛ ነበር። የስልክ ማዕከሉ ምድር ቤት የባትሪ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ባትሪ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ተደርድረው ተያይዘው 48 ቮልት ይሰጣሉ። ክፍሉ የአሲድ ሽታ አለው፤ ስንገባ ጨርቃችን እንዳይበሳ ሽርጥ እንለብስ ነበር። ያ 48 ቮልት ነው በመዳቡ ሄዶ እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው። ከተማው ጨልሞ ባትሪው ይቀጥላል፤ ባትሪው ሳይደክም ጀነሬተር ይነሳል። ስልክ ሲጠራ ደግሞ ቮልቱ ከፍ ስለሚል ሽቦ የያዘ እጅ ይነዝራል። ገመድ ስንቀጥል ስንቴ ነዝሮናል!

መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብርሃን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ማዕከሉ የቱንም ያህል ባትሪ ቢኖረው ለቤትሽ ስልክ ሊያደርሰው አይችልም። ኃይሉ ከቤት መገኘት አለበት። ልዩነቱ ይሄ ነው ልጄ። ድሮ ባትሪውን የምንጠብቀው እኛ ነበርን፤ አሁን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው።

---

የእሙዬ ልጅ – ቅዳሜ ጠዋት

ጋሼ፣ እንዴት ግልጽ አድርገው አስረዱኝ! ለእናቴ አነበብኩላት። "እነሱ ናቸው ያኔ ስልኩን ያቆዩልን" አለች። በአብዮቱ ጊዜ ደሴ መብራት ጠፍቶ ስልክ የጮኸበትን ሌሊት አጫወተችኝ። እድሜ ይስጥልኝ።

እንግዲህ ባትሪውን እኔ ልጠብቅ። ምን ልግዛ?

---

የገርጂ ልጅ – አዲስ አበባ – ቅዳሜ ከሰዓት

በዚህ ጉዳይ የእኛን ምክር ብትሰሚ ይሻላል፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ለምደናል። እኔም ቤት ፋይበር አለኝ፤ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው።

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ማለት ነው። ከመጽሐፍ አይበልጥም። አብዛኛው ራውተርና ኦኤንቲ 12 ቮልት ነው የሚበላው፤ ግን የራስሽን ቻርጀር ገልብጠሽ አንብቢ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፒሩ ደግሞ ዩፒኤሱ የሚሰጠው ከሚያስፈልገው ማነስ የለበትም። የሶኬቱ ጫፍ ውፍረትም ይለያያል፤ የማይገጥም ሰክተሽ እንዳታቃጥዪው።

ሰዎች ሁሌ የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ራውተሩን ብቻ ባትሪ ላይ ያደርጉና ኦኤንቲውን ይተዉታል። ኦኤንቲው ከጠፋ ራውተሩ ቢበራም ኢንተርኔት የለም፤ ስልክም የለም። ሁለቱም ባትሪ ላይ መሆን አለባቸው። ገመድ አልባ ስልክ ከሆነ የስልኩ ማስቀመጫም ሦስተኛ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኔ ባትሪ 38 ዋት ሰዓት ነው። ራውተሬና ኦኤንቲዬ ተደምረው 15 ዋት ያህል ይበላሉ። በወረቀት 2 ሰዓት ተኩል፤ በተግባር 2 ሰዓት ያገለግለኛል።

---

ሌሊት ፈረቃ – ቅዳሜ ከሰዓት

ከመግዛትሽ በፊት ድርጅቱን ጠይቂ። የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ያወጣው መመሪያ አለ። ለድንገተኛ ጥሪ በቤት ስልኩ ብቻ የሚተማመን ሰው ካለ፣ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት 999 መደወል የሚያስችል መሣሪያ ድርጅቱ ማቅረብ አለበት። በነፃ። ቤታቸው የሞባይል ኔትወርክ የማይገባላቸውን ይጨምራል። ካልጠየቃችሁ ግን ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም።

1 ሰዓት እንደማይበቃም እወቁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል ሰሜን እንግሊዝንና ስኮትላንድን ሲመታ ለቀናት ያለ መብራት የቆዩ ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ድርጅቱ የሚሰጠውን ተቀበሉ፤ ከተቻለ የገርጂውን ልጅ ምክር ጨምሩበት። የእማማ ሞባይልም ሁሌ ቻርጅ ይደረግ። ለዚህ ለዚህማ ወሎዬው ልክ ነው።

---

ሊድስ 09 – ቅዳሜ ማታ

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበል፤ እኔ የአባቴን ቁጥር አጥቻለሁ። አዲስ ኢንተርኔት ካስገባሁ በኋላ ወደ ድሮው ድርጅት ደውዬ "ዝጉልኝ" አልኳቸው። ዘጉት። ቁጥሩም አብሮ ሄደ። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ "እነ እገሌ ደውለው አጥተውኝ ይሆን?" ይል ነበር።

እኔ ያደረግኩትን እንዳታደርጉ። አዲሱን ድርጅት መጀመሪያ "ቁጥሬን ይዤ ነው የምመጣው" በሉት። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ የምታናግሩት አዲሱን ድርጅት ብቻ ነው፤ ከድሮው ጋር የሚጨራረሰው እሱ ነው። የድሮውን ራሳችሁ አትዝጉ። ዘግታችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ። ቁጥሩን ማስመለስ የሚቻለው ለአጭር ጊዜ ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ – ሜሪላንድ – ቅዳሜ ማታ

ከአሜሪካ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። በኢንተርኔት ስልክ 911 ስትደውሉ አምቡላንሱ የሚላከው እናንተ ባስመዘገባችሁት አድራሻ ነው። መዳቡ ቦታውን ራሱ ያውቅ ነበር፤ ኢንተርኔት ግን አያውቅም። አክስቴ ቤት ቀይራ የኢንተርኔት ስልኩን ሳጥን ይዛ ሄደች፤ ስልኩም እዚያው ሠራላት። አድራሻው ግን የድሮው ቤት ነበር። ስናስተውለው ስምንት ወር አልፎት ነበር፤ ደግነቱ የሚያስደውል ነገር አልገጠማት። ቤት የምትቀይሩ መጀመሪያ አድራሻችሁን አስተካክሉ። እንግሊዝም ያላችሁ ድርጅታችሁን ጠይቁ።

---

የእሙዬ ልጅ – እሑድ ከሰዓት

የቁጥሩ ነገር ልቤን ሰቅሎት ነበር፤ ተዛውሯል። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ደግሞ ዋይፋዩ። ሳሎን 480 ያልኳችሁ እናቴ ክፍል 9 ነው። ጠዋት ቅዳሴ በታብሌቷ ትከታተላለች፤ ዛሬ ቅዱስ ቅዱስ ሲባል ቆመ። 480 ከፍዬ 9?

---

ፋይበር ዘርጊው – እሑድ ማታ

480ው እስከ ራውተሩ ድረስ ነው። ከራውተሩ ወዲህ ያለው የአየር ጉዳይ ነው።

ራውተሩ የት ነው ያለው? ቴሌቪዥኑ ጀርባ ወለል ላይ ከሆነ አንሺው። ከፍ ባለ፣ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ከቻልሽ ወደ ቤቱ መሀል አድርጊው። በሩን የከፈተ ቁም ሣጥን ውስጥም ቢሆን አታስገቢው። የፊት ማያ መስታወት፣ ፍሪጅ፣ የውኃ ቱቦ ያለበት ግድግዳ ዋይፋይን ያዳክማሉ። ከኦኤንቲው ወደ ራውተሩ የሚሄደው ገመድ ተራ የኢንተርኔት ገመድ ነው። ረጅም ገዝተሽ መቀየር ትችያለሽ። የመስታወቱን ገመድ ግን አትንኪ።

ራውተሩ በሁለት ድምፅ የሚናገር ይመስል ሁለት ሞገድ አለው። 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። 2.4 ቀርፋፋ ነው፤ ግድግዳ ያልፋል። ለቅዳሴው 2.4 ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ከሆኑ ታብሌቱ ራሱ ይመርጣል፤ አንዳንዴ የማይሆነውን ይመርጣል። ክፍሏ ሩቅ ከሆነ የዋይፋይ ማራዘሚያ አንድ አድርጊ፤ ግን እዚያው ክፍሏ ውስጥ አታድርጊው። በሳሎኑና በክፍሏ መሀል፣ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበት ቦታ ነው የሚቀመጠው።

እስከዚያው ስለ ስልኩ አትስጊ። አንድ የስልክ ንግግር የሚፈልገው 100 ኪሎቢት ያህል ነው። ከ480 ሜጋቢት ውስጥ ቁራጭ ነው። ንግግር የሚበላሸው ፍጥነት ሲያንስ ሳይሆን መስመሩ ሲዘገይና ሲቆራረጥ ነው።

ደግሞ ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ ቀይሪ። ዋይፋዩን ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ አንስቶት የሚሄድበት ቤት አይቻለሁ። አዲሱን ጽፈሽ ደብተራቸው ውስጥ አስቀምጪው።

---

የገርጂ ልጅ – እሑድ ማታ

ራውተሩን በራሷ በተገዛ የተሻለ ራውተር እንዳትቀይረው ደግሞ ንገራት።

---

ፋይበር ዘርጊው – እሑድ ማታ

ልክ ብለሃል። ብዙ ድርጅት ስልኩን የሚከፍተው በሰጠው ራውተር ላይ ብቻ ነው። የራሳችሁን ስትሰኩ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ስልኩ ይሞታል። ለብቻው የኢንተርኔት ስልክ ገዝታችሁ ከራሳችሁ ራውተር ጋር የምትጠቀሙ ደግሞ፣ እናንተ እየሰማችሁ ወዲያ ያለው የማይሰማ ከሆነ፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ ጥሪ መቀበል ካቆመ፣ ራውተሩ ውስጥ "ሲፕ ኤኤልጂ" የሚል ነገር ፈልጋችሁ አጥፉት። ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያበላሸው እሱ ነው።

---

ወሎዬው – ሰኞ ማታ

ዓርብ የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አባቴ ጋ ሄድኩ። እሱም ቁልፍ እንዳለው የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በየትኛው መስመር እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም። በመዳቡ ነው። ድርጅቱ ከሁለት ወር በፊት የላከው ደብዳቤ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፤ በሚቀጥለው ወር እንደሚያዛውሩት ይላል። ደውዬ ቁልፍ እንዳለው አስመዘገብኩ፤ ቀኑን አስተላለፉልኝ። ሌሊት ፈረቃ፣ ስለተከራከርሽኝ አመሰግናለሁ።

---

ሌሊት ፈረቃ – ሰኞ ሌሊት

ወንድሜ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አባባን ሰላም በልልኝ። ፈረቃ ላይ ነኝ፤ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

---

የእሙዬ ልጅ – ረቡዕ ማታ

እንዴት እንደሆነ ሳልነግራችሁ አልቀርም።

ባለ ሲሙ ሳጥን ሰኞ መጣ። ከመኝታ ቤትም፣ ከመታጠቢያ ቤትም፣ ከጓሮ በርም ሞከርነው። አምስት ጊዜ ተጫነች፤ አምስቴም መለሱላት። አምስተኛው ላይ ሴትዮዋ በስሟ ጠርታ ሰላም አለቻት። ድርጅቱም ጠይቄው ባትሪ ላከልን፤ እኔም ሁለተኛ ጨመርኩ።

ዛሬ ማታ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው ሆን ብዬ አጠፋሁት። እናቴ ሻማ ልታበራ ስትል "ቆይ፣ መጀመሪያ ስልኩን" አልኳት። በጨለማው ውስጥ የኦኤንቲውና የራውተሩ ትንንሽ መብራቶች ብቻ ይታያሉ። ገመድ አልባው መነጋገሪያ ዳንቴሉ ላይ ነው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። የደሴን ቁጥር ደብተር ሳታይ ነው የምትደውለው፤ ጣቷ ያውቀዋል።

እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ እህቷ ደንግጣ ነው ያነሳችው። "ምነው፣ ደህና ናችሁ?" ስትል እኔ ድረስ ተሰማ።

"ደህና ነን" አለቻት እናቴ። "መብራት ጠፍቶብን ነው። እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ።"

ከዚያ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ጀመሩ። መብራቱን ያበራሁት ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው፤ አላቋረጡም።